ከጭላሎ ጫፍ በታች

ጋሽ ደጀኔ ማረፋቸውን የሰማሁት በቅርቡ፣ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት በዚህ ዓመት፣ ለምሳ ተሰልፌ ሳለሁ ነው። የነገረችኝ ከናዝሬት አብራኝ የመጣች ልጅ ናት።

«የጂኦግራፊ አስተማሪያችን የነበሩት፣ ወደ አዳሚ ቱሉ የተዛወሩት... አልሰማሽም እንዴ? ጉበታቸውን ታመው ነው አሉ» አለችኝ። ሰልፉ ወደፊት ተንቀሳቀሰ። ከኋላዬ ያሉት «እህት፣ ሂጂ እንጂ!» ሲሉኝ ሳህኔን እንደያዝኩ ከሰልፉ ወጣሁ።

ስማቸው ከትምህርት ቤታችን አጥር ውጭ ብዙም የሚታወቅ ሰው አልነበሩም። መጽሐፍ አልጻፉም፣ ሹመት አላገኙም። ነገር ግን ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ከመኝታ ክፍሌ ሳልወጣ የዋልኩት ስለ እሳቸው ሳስብ ነውና የማስታውሰውን እንደ አቅሜ ልጽፍ ተነሳሁ።

ጋሽ ደጀኔ አጠር ያሉ፣ አንገታቸው ወፈር ያለ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ጠመኔ ጆሮአቸው ላይ ይሰካሉ፤ ከዚያ ይረሱትና ኪሳቸውን፣ መሳቢያውን፣ የፊተኛ ተማሪዎችን ዴስክ ሳይቀር ይፈልጋሉ። አንድ ሰው «ጆሮዎ ላይ ነው» እስኪላቸው ድረስ ክፍሉ በሙሉ ይጠብቃል። ሰሌዳውን የሚያጠፉት በእጅጌአቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ናዝሬት እንደ ምድጃ ስትግል እንኳ ግራጫ ሹራባቸውን አያወልቁም። አንድ ቀን ጠየቅናቸው።

«ጋሽ ደጀኔ፣ አይሞቅዎትም?»

«ይሞቀኛል» አሉ። «ግን ጭላሎ ላይ ይበርዳል። ከወዲሁ እንተዋወቅ ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የጂኦግራፊ ክበባችን ወደ ጭላሎ ተራራ ሊሄድ መሆኑን መጀመሪያ የሰማነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከትምህርት ቤታችን ፎቅ ላይ ወደ አርሲ ስናይ የምናየው ሰማያዊ ጀርባ እሱ ነው። ለእኛ ተራራ ሳይሆን እንደ ደመና ያለ ነገር ነበር። ሰው በእግሩ ይወጣበታል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ዕቅዱን ያወጡበት ቀን አይረሳኝም። ሁላችንም «መጀመሪያ መኪና፣ ከዚያ ስንቅ...» ማለት ስንጀምር እጃቸውን አነሱና ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «የመጨረሻው ቀን ማታ። ናዝሬት። ሁሉም ቤቱ።»

«ጋሽ ደጀኔ፣ ይሄማ መጨረሻው ነው» አላቸው ታምሩ። ታምሩ የትምህርት ቤታችን የኳስ ቡድን አጥቂ፣ በሩጫ የሚደርስበት የሌለ፣ አፉም እንደ እግሩ የፈጠነ ልጅ ነበር።

«አዎ። ከዚህ ነው የሚጀመረው» አሉት። ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ሄዱ። ማታ ናዝሬት ለመግባት ከአሰላ ስንት ሰዓት መነሳት አለብን? አሰላ በዚያ ሰዓት ለመድረስ ከጫካው ዳር መቼ መውረድ አለብን? እንዲህ እያሉ ከቤታችን ተነስተው ወደ ላይ ወጡ፤ የተራራው ጫፍ የተጻፈው ሰሌዳው ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነበር። ከጫፉ ጎን አንድ መስመር ጨመሩ፦ «አንድ ሰው ከታመመ ሁሉም ይመለሳል።»

«ይሄን ለምን አሁን እንጽፋለን?» አለች አንዷ።

«አሁን ጠግባችኋል፣ አልደከማችሁም፣ አልበረዳችሁም። እዚያ ላይ ሆኖ የሚወሰን ነገር ልክ አይመጣም። እዚህ ወስነን እዚያ መታዘዝ ብቻ ነው።» ከዚያ እያንዳንዳችንን በስም እየጠሩ መስማማታችንን ጠየቁን። ሁላችንም ተስማማን። ያኔ ቀላል ነገር ነበር።

ልምምዱ ከትምህርት በኋላ ከከተማው ጫፍ ያሉትን ኮረብቶች መውጣት ነበር። ከሁሉ ቀርፋፋዋ እኔ ስለነበርኩ ከፊት አደረጉኝ፤ ማንም እኔን እንዳይቀድም ደንብ ወጣ።

«ኧረ እቺን ኤሊ ከፊቴ አንሱልኝ!» ይላል ታምሩ ከኋላ።

«ወዴት ነው ታምሩ? ተራራው እንደሆነ የትም አይሄድ» ይላሉ ጋሽ ደጀኔ።

በየእረፍቱ ደግሞ አንድ ነገር ያደርጉ ነበር። በእያንዳንዳችን ፊት ቆመው ዓይን ዓይናችንን እያዩ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ከሰሜን ወደ ደቡብ ያስጠሩናል። «ቆቃ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ አዋሳ» እንላለን። በየቀኑ፣ በየኮረብታው። እኛ ትምህርቱ ከክፍል ተከትሎን የመጣ መስሎን እንሰላች ነበር። ታምሩ አንዳንዴ በዜማ ይለዋል፣ አንዳንዴም እንደ ሬዲዮ ኳስ አስተላላፊ፦ «ቆቃ ለዝዋይ አቀበለ፣ ዝዋይ ለላንጋኖ...» እሳቸውም ከኛ ጋር ይስቃሉ። ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያስጠሩን ቀርተው አያውቁም።

ልብስ ሌላ ጣጣ ነበር። በናዝሬት ማን የብርድ ልብስ ያስቀምጣል? ሰልባጅ ተራ ሄደን ያገኘነውን ለበስን። ታምሩ ያገኘው አንገቱ ላይ ፀጉር ያለው የሴት ካፖርት ነበር። ለብሶ ሲመጣ ሴቶቹ ተነስተን «እንደምን ዋሉ እመቤቴ!» አልነው። «ሲበርዳችሁ እንተያያለን» አለና ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆለፈ።

እናቴ አልፈቀደችም ነበር። ጋሽ ደጀኔ አንድ ቅዳሜ ቤታችን መጡ። እናቴ ወንበር አቀረበችላቸው፣ ለስላሳ ከፈተችላቸው፣ ከዚያ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«እርስዎ አስተማሪ ነዎት፤ አከብርዎታለሁ» አለች። «ለመሆኑ እዚያ ተራራ ላይ ምን አለ?»

«ምንም የለም እትዬ ብርቄ። ብርድና ድንጋይ ነው።»

«ታዲያ ልጄን ለብርድና ለድንጋይ ልስጥዎት?»

«መጽሐፍ ላይ ያስተማርኳትን አገር በዓይኗ እንድታየው ነው» አሉ ጋሽ ደጀኔ።

እናቴ ወደ እኔ አየች፣ ወደ እሳቸው አየች። «እንደወሰዷት ይመልሱልኛል?»

«እሱን ነው ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት።»

እናቴ የሰሌዳው ነገር አልገባትም፤ ግን ፈቀደች።

ከእናቴ የከበደው የመንቀሳቀሻ ፈቃዱ ነበር። በዚያ ጊዜ ብዙ ወጣት ሰብስቦ ከከተማ መውጣት እንዲህ በቀላሉ የሚሆን አልነበረም። ነገሩን ያቃናልን የትምህርት ቤቱ የወጣቶች ማኅበር ሰብሳቢ ጓድ ሰይፉ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከበላዩ የሚጠይቁት ሰዎች ነበሩበት። ፈቃዱን ያስፈረመው ግን የማኅበሩ ባንዲራ ጭላሎ ጫፍ ላይ ሊተከል፣ እሱም አብሮን ሊወጣ ቃል ገብቶ ነበር። የምንነሳ ዕለት ባንዲራውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ መጣ።

«ጋሽ ደጀኔ፣ አደራ። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ትናንት መግባት ስለነበረበት ‹ባንዲራው ተተክሏል› ብዬ አስገብቼዋለሁ።»

«ገና ሳንሄድ?»

«እየሄድን አይደል?» አለ ጓድ ሰይፉ፣ በእውነት ግራ ገብቶት።

ጋሽ ደጀኔ ጠመኔ እንደሚፈልጉ ሁሉ ኪሳቸውን ዳበሱ።

በጭነት መኪና በዴራ፣ በሁሩታ አድርገን አሰላ ገባን፤ አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ አደርን። በማግስቱ በእግራችን ጫካው ዳር ወዳለው ወደ ኦቦ ቱፋ ግቢ ወጣን። ኦቦ ቱፋ መንገድ የሚመሩን የአገሩ ሰው ነበሩ። ጀሪካኖቻችንን ሲያዩ ቆም አሉ። እኛ የናዝሬት ልጆች ነን፤ ቧንቧ በፈለገው ቀን የሚመጣበት ከተማ ያደግን ስለሆንን ከሁሉ በፊት ያሰብነው ውኃ ነበር። እየተፈራረቅን ከአሰላ ጀምሮ ተሸክመነዋል።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ።

«ውኃ ነው ኦቦ ቱፋ።»

«ቢሻን? ለጭላሎ ቢሻን አመጣችሁ?» ሚስታቸውን ጠሩና በኦሮምኛ ነገሯቸው፤ ሚስታቸው ለጎረቤት ነገሩ፤ ጎረቤት ሊያየን መጣ። ከግቢው በላይም በታችም ምንጭ ይንፎለፎል ነበር። ድምፁን እየሰማን ነበር እኮ የመጣነው፤ ነፋስ መስሎን ነው። ጋሽ ደጀኔ ጎናቸውን ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ። «የጂኦግራፊ መምህራችሁን አታሰድቡ» እያሉ ጀሪካኖቹን ራሳቸው ደፏቸው።

ሲነጋጋ ተነሳን። ጥዱን አለፍን፣ ኮሶውን አለፍን፤ ከዚያ ዛፎቹ አጠሩ፣ ጅባራዎቹ እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆመው ታዩ። ትንፋሻችን አጠረ። እንደ ደንቡ እኔ ከኦቦ ቱፋ ቀጥሎ ነበርኩ። «ሱታ፣ ሱታ» ይሉኛል፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ታምሩ ግን ባንዲራውን ከጓድ ሰይፉ ተቀብሎ በጀርባው አስሮ ነበርና አላስቻለውም። ከመንገዱ ወጣ እያለ በጎናችን ይሮጥና ድንጋይ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ጋሽ ደጀኔ ከኋላ ይጠሩታል፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ይሄዳል።

ጫፉ ሲታየን ሁላችንም ጮህን። የድንጋይ ክምር ነበር፤ ከላዩ ሰማይ ብቻ። ከእሱ ትንሽ ዝቅ ብለን ለመጨረሻ ጊዜ አረፍን። ጋሽ ደጀኔ እንደ ልማዳቸው እየዞሩ ሐይቆቹን አስጠሩን። ታምሩ ጋ ሲደርሱ ተቀምጦ ነበር። ካፖርቱን ለብሶ አገጩን ፀጉሩ ውስጥ ቀብሮታል።

«ታምሩ።»

«አቤት። ቆቃ... ሻላ...» ቆመ። «ዝዋይ። ቆቃ ብያለሁ?»

ልጆቹ ሳቁ። እንደ ሁልጊዜው የሚቀልድ መስሏቸው ነበር። ጋሽ ደጀኔ አልሳቁም። ፊት ለፊቱ ተንበረከኩ።

«ራስህን ያምሃል?»

«ትንሽ። ከጠዋት ጀምሮ። ቅድም አስመለሰኝ፤ አሁን ደህና ነኝ።»

«ተነስ እስቲ። በዚህች ድንጋይና በዚያች መካከል በቀጥታ ሂድልኝ። ተረከዝህን ከጣትህ እያገናኘህ።»

በናዝሬት ሜዳ ተከላካዮችን እንደ ቆመ እንጨት የሚያልፍ ልጅ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ወደ ጎን ወደቀ። ማንም አልሳቀም።

ሐይቆቹን ለምን ሲያስጠሩን እንደከረሙ ያኔ ገባኝ። ከፍታው መጀመሪያ የሚነካው ጭንቅላትን ነው፤ የታመመውም ሰው ለራሱ አይታወቀውም። እሳቸው የሚያዳምጡት ሐይቆቹን ሳይሆን እኛን ነበር።

ጋሽ ደጀኔ ከወደቀበት አጠገብ ተንበረከኩና «እንመለሳለን» አሉ።

«ማን?» አለ ጓድ ሰይፉ።

«ሁላችንም።»

«ጋሽ ደጀኔ! እዚህ ደርሰን? ያውና እኮ!» በእጁ አሳየ። በእርግጥም ያውና ነበር። «ሁለት ልጆች ይዘውት ይውረዱ። እኛ ባንዲራውን ተክለን እንደርስባቸዋለን።»

ሐቁን ለመናገር ብዙዎቻችን በልባችን ከጓድ ሰይፉ ጋር ነበርን። ኦቦ ቱፋ ግን ወደ ምዕራብ እያዩ ነበር። ጉሙ ከታች ጀምሮ ጅባራዎቹን አንድ በአንድ እየዋጠ ይመጣል።

«መንገዱን የሚያውቁት ኦቦ ቱፋ ናቸው» አሉ ጋሽ ደጀኔ። «ሁለት ልጆች ብሰድ በጉም ውስጥ ሦስት ልጅ አጣለሁ። ኦቦ ቱፋን ከነሱ ጋር ብሰድ እናንተ ትቀራላችሁ። ታምሩን ደግሞ መሸከም ሊኖርብን ይችላል፤ ትከሻ ያስፈልጋል። ልጁ እዚህ በቆየ ቁጥር ይብስበታል።»

«ሪፖርቱ ገብቷል እኮ» አለ ጓድ ሰይፉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ምን ልበል? እርስዎንስ ምን ይሉዎታል? የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ልጄ» ያሉት ጓድ ሰይፉን ነው። ማንም እንዲህ ብሎ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። ጓድ ሰይፉ ጎንበስ ብሎ ባንዲራውን ከታምሩ ጀርባ ፈታና ደረቱ ውስጥ ከተተው፤ የታምሩንም ክንድ ትከሻው ላይ ጣለ።

ቁልቁለቱን በጉም ውስጥ ወረድነው። ታምሩ አንዳንዴ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ይሸከሙታል። እግሩ ሲጎተት ጋሽ ደጀኔ ስሙን ይጠራሉ፤ ይመልሳል፤ ደግሞ ይጠራሉ። ኮሶው ጋ ስንደርስ ዓይኑን ገለጠ። ከጥዱ በታች ውኃ ጠየቀ። የሚገርመው ነገር ዝቅ ባልን ቁጥር ልጁ እንደ ፋኖስ እየበራ መጣ።

«ጋሽ ደጀኔ፣ ደረስን?» አለ።

«እየደረስን ነው።»

«ጫፉ ላይ?»

«ቤታችሁ።»

ማታ ናዝሬት ገባን። እናቴ በር ላይ ነበረች፤ ጋሽ ደጀኔ ከመኪናው ሳይወርዱ በእጃቸው ወደ እኔ ጠቆሙላት። ሌሎቹንም እንዲሁ በየበራቸው አወረዱ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራ። እኛም እንድንገኝ ተደረገ። ከወረዳ የመጡ ሰው የተሰጠ ኃላፊነት ሳይፈጸም ስለመቅረቱ ብዙ ተናገሩ፤ ከዚያ መምህሩ ግለሂሳቸውን እንዲያቀርቡ ተጠየቁ። ጋሽ ደጀኔ ግራጫ ሹራባቸውን ለብሰው ተነሱ።

«ዕቅዱ ሰሌዳ ላይ ነበር» አሉ። «ልጆቹ ያውቁታል። የመጀመሪያው መስመር ‹ሁሉም ቤቱ› ይላል። ሁሉም ቤቱ ገብቷል። ስለዚህ እኔ ዕቅዱ ተፈጽሟል ብዬ ነው የማምነው። ሂስ ካለብኝ ታምሩን ከጠዋት ጀምሮ አጠገቤ አለማስኬዴ ነው።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቁን በሳል አስመሰለው። ጓድ ሰይፉ እንዲናገር ሲጠየቅ አንገቱን ደፍቶ «በወቅቱ ተስማምቻለሁ» አለና ተቀመጠ። ይህን ማለት ለእሱ ምን ያህል እንደከበደው አሁን ሳስበው ይገባኛል።

በዓመቱ መጨረሻ ጋሽ ደጀኔ ወደ አዳሚ ቱሉ ተዛወሩ። ዝውውሩ ከዚያ ነገር ጋር ይገናኝ አይገናኝ የነገረን የለም። አውቶቡስ ተራ ልንሸኛቸው ስንሄድ የታምሩ እናት ቀድመውን ደርሰው ነበር። ሻንጣቸውን ለተሸካሚ አልሰጥም ብለው ራሳቸው ይዘውት ቆመዋል።

ባለፈው እሑድ ልቅሶ ለመድረስ ወደ ሁሩታ፣ ወደ እህታቸው ቤት ሄድኩ። ታምሩ አብሮኝ ነበር፤ አሁን ናዝሬት ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። እህታቸው እትዬ ዘነበች ማን እንደሆንን ስንነግራቸው እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ጭላሎ የወጣችሁት ልጆች ናችሁ?»

«አልወጣንም እትዬ» አለ ታምሩ። «ልንደርስ ስንል እኔ ታምሜ ነው የተመለስነው። እሳቸው ግን ከዚያ በፊትም ስለወጡት...»

«ማን? ደጀኔ?» እትዬ ዘነበች ቀና አሉ። «የት ወጥቶ ያውቃል! ሕፃን ሆኖ ከዚህ ደጅ ላይ ቁሞ እያየው ነው ያደገው። አባታችን ከከብት ለይቶ አይለቀው፤ ካደገ በኋላ ትምህርቱ፣ ከዚያ ሥራው፣ ከዚያ ጊዜው። ጫካው ዳር ድረስ ብቻ ሄዶ ከሰዎቹ ይጠያይቅ ነበር። ያኔ ከናንተ ጋር ሊሄድ ሲል የመጀመሪያው ነበር። እንደ ሙሽራ ነበር የሚያደርገው።»

ታምሩ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ይዞ መሬት መሬት ያይ ነበር።

«በሳምንቱ መጣ» አሉ እትዬ ዘነበች። «‹እህ፣ እንዴት ነው ላይ?› አልኩት። ‹አልደረስኩም፤ ሁሉንም መልሻለሁ› አለኝ። የቀረበለትን በላና ተኛ። እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር ወንድሜ፤ ያን ቀን ግን ፀሐይ እስኪሞቅ ተኛ።»

ስንመለስ፣ መኪናው ውስጥ፣ ታምሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ከፊት ነበርሽ፤ አይተሻቸዋል አይደል? ‹እንመለሳለን› ሲሉ ወደ ጫፉ አዩ እንዴ?»

አይቻለሁ። ሁሉም ሰው ወደ ጫፉ ያይ ነበር፤ ጓድ ሰይፉ ይጠቁም ነበር፤ እኔም አንገቴ ወደዚያው ዞሮ ነበር። ጋሽ ደጀኔ ብቻ ጀርባቸውን ሰጥተውት መሬት ላይ ተንበርክከው ነበር።

«አላዩም» አልኩት። «የጫማህን ማሰሪያ ያጠብቁልህ ነበር። ለቁልቁለቱ።»